ከስልኬ ጋር የተሳሰብኩበት ወር

(በማህበራችን የየካቲት ወር መደበኛ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ላይ ሊቀመንበራችን «ለሚቀጥለው ወር ስለ ቁጠባ አንድ ነገር አዘጋጅተሽ ነይ» ብለውኝ ነበር። የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ከእኔ የሚጠበቀው ያው የብር ጉዳይ ነው። እሺ ብዬ ሄድኩ። አንድ ምሽት ልጆቹን ካስተኛሁ በኋላ ሻይ ቀድቼ፣ ደብተሬን ከፍቼ «ቁጠባ ማለት» ብዬ ጻፍኩ። በዚህ መሀል ስልኬ ብልጭ አለ። አየት አድርጌው ልመለስ ብዬ አነሳሁት። ስመለስ ሻዩ ቀዝቅዟል፣ ሰዓቱ አምስት ከሩብ ሆኗል፣ ከ«ቁጠባ ማለት» ቀጥሎ አንድም ቃል የለም። የሚያሳፍረው ደግሞ ይህ የሆነው «እኔስ ከስልክ ሱስ ተላቅቄአለሁ» እያልኩ ለጓደኞቼ ምክር መስጠት ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ስለዚህ ሊቀመንበራችን ይቅርታ ያድርጉልኝና የብሩ ቁጠባ ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ስለቀዘቀዘው ሻይ ነው።

ከመካከላችን ባለ ቁልፍ ስልክ የያዛችሁ እናቶች አላችሁ። ነገሩ እናንተን ላይመለከት ይችላል፤ ግን ልጆቻችሁንና ምራቶቻችሁን ይመለከታል። ደግሞ ሳትስቁብኝ እንደማትቀሩ አውቃለሁ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሰኔ ነው። ሰኔ ለእኛ ለሂሳብ ሠራተኞች የምጥ ወር ነው። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ቆጠራ አለ፣ የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ አለ፣ ዓመቱን ሙሉ የተንጠለጠለ ደረሰኝ ሁሉ የሚፈለገው ያን ጊዜ ነው። ወርሃዊው የሥራ ግብር፣ ጡረታውና ቫቱ ደግሞ «ዓመት እየዘጋሁ ነው» ቢባሉ አይጠብቁም። በዚህ ሁሉ መሀል የሠራተኛ ደመወዝ መከፈል አለበት። ደመወዙን በኤክሴል ሠርቼ፣ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ስም፣ የባንክ ቁጥርና የተጣራ ክፍያ ለባንኩ በሚላከው ዝርዝር ላይ እገለብጣለሁ። ከዚያ ዝርዝሩን ከደመወዝ መክፈያው ጋር አንድ በአንድ አመሳክራለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቼዋለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜም የምሠራው ይመስለኛል።

ደመወዙ በተከፈለ በማግሥቱ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ቢሮዬ በር ላይ ቆመ። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል። «እህቴ፣ ይቅርታ፣ በዚህ ወር ተቀጥቼ ነው እንዴ?» አለኝ። አልገባኝም። ያ ሰው ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም። ደመወዙ ሲጣራ 8,640 ብር ነው፤ የገባለት ግን 6,840 ነበር። 1,800 ብር ጎድሎበታል። ጥፋት ሳይኖርበት፣ ሌሊቱን ሙሉ «ምን አጥፍቼ ይሆን?» እያለ ሲያወጣና ሲያወርድ አድሮ፣ ጠዋት ለመጠየቅ ድፍረት አሰባስቦ ነው የመጣው። የቤት ኪራዩን ለመሙላትም ከሰፈሩ ባለሱቅ ተበድሯል።

የሂሳብ ትምህርት የተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ዘዴ አለች። ሁለት ድምሮች አልገጥም ሲሉ ልዩነቱን ለ9 አካፍሉት። ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል ማለት ነው። 1,800 ለ9 ሲካፈል 200 ነው። 86ን 68 አድርጌ ጽፌዋለሁ። ስህተቱ የእጅ ስህተት ነው፤ ማንም ይሳሳታል። ያልገባኝ ግን ሳመሳክር እንዴት አለፈኝ የሚለው ነበር። ዝርዝሩ ላይ ከዚያ ስም ፊት ለፊት በእስክሪብቶ የማረጋገጫ ምልክት አድርጌበታለሁ!

ነገሩን ወደ ኋላ ሄጄ መረመርኩት። የማመሳከሪያውን ሥራ የሠራሁት ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው። ቴሌግራሜን ስከፍተው በቤተሰብ ግሩፓችን ላይ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር አንድ የሠርግ ቪዲዮ ተልኳል፤ እኔም ሥሩ ላይ ልብ አድርጌበታለሁ። ከዚያ ወደ ሌላ፣ ከዚያ ወደ ሌላ። ስመለስ የት ላይ እንዳቆምኩ ስላልያዝኩ «እዚህ አካባቢ ነበርኩ» ብዬ በግምት ምልክት እያደረግሁ ወረድኩ። የዚያ ሰው ስም የወደቀው እዚያች ክፍተት ውስጥ ነው።

ገንዘቡ ሥራ አስኪያጁ ፈቅደው በዚያው ቀን ተከፈለው። እኔንም ብዙ አልተቆጡኝም። «ሰኔ ነው፣ ደክሞሽ ነው» አሉኝ። ድካም አልነበረም። ግን አፌን ሞልቼ «ስልክ እያየሁ ነው» ለማለት ድፍረቱ አልነበረኝም። ዛሬ ለእናንተ የተናገርኩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ፣ ሐምሌ ላይ፣ «ሌላውን ሰው እንደምመረምረው ራሴን ልመርምር» ብዬ አንድ ደብተር ገዛሁ። ብዙዎቻችሁ አላያችሁት ይሆናል እንጂ ስልካችሁ ራሱ መዝገብ ይይዛል። በአንድሮይድ ስልክ ማስተካከያው ውስጥ «ዲጂታል ዌልቢይንግ» የሚባል አለ፤ በአይፎን ደግሞ «ስክሪን ታይም» ይባላል። ሁለቱንም ኩባንያዎቹ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በቀን ስንት ሰዓት እንዳያችሁ፣ የትኛው ላይ እንደቆያችሁ፣ ስልኩን ስንት ጊዜ እንደከፈታችሁ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። እኔ ከማየቴ በፊት ግምቴን ጻፍኩ፤ «በቀን ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው» አልኩ። የወሩ አማካይ 5 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሆኖ ወጣ። በቀን 94 ጊዜ ስልኬን እከፍታለሁ።

5 ሰዓት ከ10 ደቂቃ በ30 ቀን ሲባዛ 155 ሰዓት ነው። ይህን እንደ ወጪ በየርዕሱ ከፋፈልኩት። ለቴሌብርና ለባንክ፣ ለጥሪ፣ ለሥራ መልእክት፣ ለልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ለዕቁባችን ግሩፕ የዋለው ሲደመር 40 ሰዓት ያህል መጣ። ይህ ተገቢ ወጪ ነው፤ ማንም ኦዲተር አይጠይቀኝም። የቀረው 115 ሰዓት ግን ደረሰኝ የለውም። ምን አየሁበት ብዬ ራሴን ስጠይቅ የትናንቱን እንኳ ማስታወስ አቃተኝ። 115 ሰዓት በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ሲካፈል ከአሥራ አራት ቀን በላይ ነው። በሌላ አነጋገር በየወሩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ለማላውቀው አሠሪ ያለ ደመወዝ እሠራ ነበር፤ ያውም የጥቅሉን ብር ከኪሴ እየከፈልኩ። በዚያው ዓመት ደግሞ ዲግሪዬን በማታ ለመቀጠል ምዝገባ ሲወጣ ለሦስተኛ ጊዜ «ጊዜ የለኝም» ብዬ አሳልፌዋለሁ።

እዚህ ላይ «አንቺ ምግባር የለሽም ማለት ነው» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እንደዚያ ነበር። እያነበብኩ ስሄድ ግን ነገሩ የምግባር ብቻ እንዳልሆነ ተረዳሁ። ድሮ አንድን ገጽ ስታነቡ መጨረሻ ነበረው፤ ለመቀጠል «ቀጣይ» የሚለውን መጫን ነበረባችሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የተባለ ባለሙያ ይህን አስቀርቶ ገጹ ማለቂያ ሳይኖረው ራሱ እየመጣ እንዲቀጥል የሚያደርግ አሠራር ፈጠረ። በኋላ ሰውየው ራሱ በአደባባይ ተጸጽቷል። እስቲ አስቡት፤ እንጀራው አለቀ የማይባል መሶብ ቀርቦላችሁ፣ መቼ ነው እጃችሁን የምትታጠቡት?

ሌላው ደግሞ ያለመታወቁ ነገር ነው። ስኪነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በእርግቦችና በአይጦች ላይ ብዙ ሙከራ አድርጓል። እንስሳው በተጫነ ቁጥር ምግብ የሚሰጥ ቁልፍ ሲሆንና፣ አንዳንዴ የሚሰጥ አንዳንዴ የሚከለክል ሲሆን ልዩነት አለው። አንዳንዴ ብቻ የሚሰጠው ቁልፍ ላይ እንስሳው ሳይሰለች ይደጋግማል፤ ምግቡ ከቆመ በኋላ እንኳ ቶሎ አይተውም። ስልካችንም እንደዚያው ነው። ዘጠኙ ቪዲዮ የማይረባ ይሆንና አሥረኛው ያስቀናል፣ ያስቃል፣ ያስለቅሳል። ሁሉም ጥሩ ቢሆን ኖሮ ጠግበን እናስቀምጠው ነበር።

ግሎሪያ ማርክ የምትባል፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ያስተማረች ተመራማሪ ደግሞ ሰዎችን በሥራ ቦታቸው ስታጠና ቆይታለች። እ.ኤ.አ. በ2004 ሰው አንድ ስክሪን ላይ ሳይቀይር በአማካይ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይቆይ ነበር፤ በኋለኞቹ ዓመታት ይህ ወደ 47 ሴኮንድ ወርዷል። እኔን የነካኝ ግን ሌላው ግኝቷ ነው። ከሥራችን ከሚያቋርጡን ነገሮች ግማሽ ያህሉ ከውጭ የሚመጡ አይደሉም። ማንም ሳይጠራን፣ ምንም ሳይጮህ፣ እኛው ራሳችንን እናቋርጣለን። ይህን ካነበብኩ በኋላ እጄን ተከታተልኩት። ፒችትሪ ላይ አንድ መዝገብ ሲያስቸግረኝ፣ እኔ ሳላዝዘው፣ እጄ ወደ ስልኩ ይሄዳል። ከባድ ነገር ሲመጣ መሸሻዬ ነበር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ተለወጥኩ ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል። ሐምሌን መዝገብ በመያዝ ጨረስኩት። ቲክቶክን አጠፋሁት፤ በአራተኛው ቀን መልሼ ጫንኩት። ስልኩን ጥቁርና ነጭ አደረግሁት፤ የደረሰኝ ፎቶ ሲላክልኝ ማህተሙ ሰማያዊ ይሁን ጥቁር መለየት አቅቶኝ መለስኩት። በቁም ነገር የያዝኩት ነሐሴ ላይ በእናቴ ጉዳይ ነው። ይህን ማውራት ይከብደኛል፤ አሳጥሬ ልንገራችሁ።

እናቴ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ለፋሲካ መጥታ ሦስት ሳምንት እኔ ዘንድ ሰነበተች። ማታ ማታ ከሥራ ስገባ ቡና አፍልታ ትጠብቀኛለች። እኔ ሲኒውን በአንድ እጄ፣ ስልኩን በአንድ እጄ። የምታወራውን «እሺ እማዬ»፣ «እህ»፣ «እውነትሽን ነው» እያልኩ አሳልፋለሁ። ወደ ቤቷ ተመለሰች። ነሐሴ ላይ የቤቷ ደረጃ አደናቅፏት ወደቀች ተባለና ሄጄ አመጣኋት። አጥንቷ ደህና ነው። «እንዴት አላየሽውም?» ስላት «በጎን በኩል ያለው አይታየኝም» አለችኝ። የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ግላኮማ ነው። የዓይኗ ግፊት ከፍ ብሎ ነርቩን ጎድቶታል። የጠፋው አይመለስም፤ በየቀኑ ጠብታ እየተደረገላት የቀረውን ማቆየት ነው የሚቻለው ተባልን።

መኪና ውስጥ «ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ተቆጣኋት። ተቆጣኋት እኮ! እሷም ቀስ ብላ «ነግሬሽ ነበር። ቡና ላይ። ሥራ የያዝሽ ስለመሰለኝ ደግሜ አላነሳሁትም» አለች።

ሥራ አልያዝኩም ነበር።

ሐኪሟን በስልክ ደውዬ «ሚያዝያ ላይ ብትመጣ ኖሮ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አሁን ያንን ማወቅ አይቻልም» አሉኝ። እኔም ከዚያ አልፌ አልናገርም። አራቱ ወር ምን ያህል እንደወሰደባት አላውቅም። እሷ መንገሯንና እኔ አለመስማቴን ግን አውቃለሁ። በነገራችን ላይ ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ቀስ እያለ ነው የሚወስደው፤ በቤተሰብም ሊተላለፍ ይችላል። እኔም ተመርምሬአለሁ። በቤተሰባችሁ ያለባችሁ፣ ዕድሜያችሁም ከ40 ያለፈ፣ እባካችሁ ግፊታችሁን አስለኩ።

ከዚያ ወዲህ ምን አደረግሁ? ብዙ ምክር አልደረድርላችሁም፤ እኔን የጠቀመኝን ብቻ ልንገራችሁ። ዋናው ነገር ርቀት ነው። ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ለእኔ ምንም አልፈየደም። እ.ኤ.አ. በ2017 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን ወደ 800 በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት አለ። ስልካቸውን ድምፁን አጥፍተው ጠረጴዛቸው ላይ ያደረጉት፣ ሌላ ክፍል ውስጥ ከተዉት ይልቅ በአእምሮ ፈተናው ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ። ሌሎች ሲደግሙት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት ስላላገኙ እንደ ሕግ አልወስደውም፤ ለእኔ ግን ሠርቷል። ቢሮ ውስጥ ስልኬ የድርጅቱ ማህተም የሚቀመጥበት መሳቢያ ውስጥ ይገባል፤ ይቆለፋል። የማየው አራት ሰዓት ላይ፣ በምሳ ሰዓትና አሥር ሰዓት ላይ ነው። መጀመሪያ ሳምንት ቁልፉን ስነካካ ነው የዋልኩት።

ቤት ውስጥ ደግሞ ከመርካቶ የሚደወል የጠረጴዛ ሰዓት ገዛሁ። ሳቁ፣ ሳቁ። ስልኬን መኝታ ቤት የማስገባው «ለመቀስቀሻ ነው» እያልኩ ነበርና ሰበቡን ማጥፋት ነበረብኝ። አሁን ስልኩ ሳሎን ቻርጅ ላይ ያድራል። ከ41 የቴሌግራም ግሩፕ ከ29ኙ ወጣሁ፤ የአክስቴን ልጆች ግሩፕ መውጣት ነውር ስለሆነ ድምፁን ብቻ ዘጋሁት። ማሳወቂያዎችን ሁሉ አጥፍቼ ጥሪና የባንክ መልእክት ብቻ አስቀረሁ።

ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ደውሎ ሳላነሳ ሲቀር ቢሮ ድረስ መጣ! ልክ ነው፤ ሰው ይጨነቃል። ስልኩ ላይ «አትረብሹኝ» የሚል ማስተካከያ አለ፤ የምትመርጧቸው ሰዎች ጥሪ እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል፤ ደጋግሞ ለሚደውልም እንዲጮህ ማድረግ ይቻላል። የእሱን፣ የእናቴን፣ የትምህርት ቤቱንና የሞግዚቷን ቁጥር አስገባሁ። ነገሩ በዚያ በረደ። እንዲያውም እሱ ራሱ ማታ ማታ ስልኩን ከእኔው አጠገብ ማስቀመጥ ጀምሯል፤ እግር ኳስ በሌለበት ቀን ማለቴ ነው።

የጥር ወር መዝገቤ 2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይላል። ከዚያ በታች አልወረደልኝም፤ በፈተና ሰሞንም ይጨምራል። ፈተና ያልኩት ጥቅምት ላይ ለዲግሪው ስለተመዘገብኩ ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር ሁለት ኮርስ ወስጄ አንዱን በቢ፣ አንዱን በሲ አልፌአለሁ። እናቴ አሁን እኔ ጋ ናት። ማታ ጠብታዋን የማደርግላት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ቡና እንጠጣለን። አንዳንድ ቀን የምታወራው ስለ ደብረ ብርሃን ብርድና ስለ ጎረቤቷ በግ ነው። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ይሰለቸኛል፤ እጄም ስልኩን ይፈልጋል። ተቀምጬ እሰማለሁ።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ስልክ ጠላት ነው እያልኩ አይደለም። ከመካከላችን ልጇ ጅዳ ያለች እህት አለች። ልጅቷ ከአሠሪዎቿ ተደብቃ በኢሞ የምትደውልበት ሰዓት አይታወቅም። ይህችን እናት «ስልክሽን መሳቢያ ውስጥ ቆልፊ» ብላት ጭካኔ ነው። ሱቅ ያላችሁም በቴሌብር ትቀበላላችሁ፤ ደንበኛ በስልክ ያዝዛል። እያንዳንዳችን የራሳችንን መዝገብ አይተን የትኛው ተገቢ ወጪ እንደሆነ፣ የትኛው ደረሰኝ እንደሌለው ብንለየው ነው የምለው።

አንድ ሐሳብ ላቅርብና ልጨርስ። ባለፈው ስብሰባ የወሩን ቁጠባ ስንቆጥር ሦስት ጊዜ ነው የደገምነው። ገንዘብ ያዣችን ስም ሲጠሩ ግማሾቻችን አልሰማንም፤ እኔም አንዷ ነበርኩ። እንደገና ስንቆጥር መሸ፤ ቶናውን ሳንጠጣ ተበተንን። ስለዚህ ዛሬ ትልቅ ሙዳይ ይዤ መጥቻለሁ፤ በሩ አጠገብ ያለው እሱ ነው። ከተስማማችሁ ከአቦል እስከ በረካ ስልኮቻችን እዚያ ይቀመጡ። የእኔ ገብቷል። የጅዳዋ እናት ግን ስልኳን በእጇ ትያዝ፤ ከደወለች ሁላችንም ዝም እንልላታለን።